ከሞላ ጎደል

ጥይቷ ከአፈሙዙ ወጥታ፣ ግቢውን እየተንሸራሸረች አቋርጣ፣ አሮጌው ፍራሽ ላይ የታሰረውን ቀይ ፊኛ ነካ አደረገችውና መሬት ወደቀች። ፊኛው ትንሽ ተወዛወዘ እንጂ አልፈነዳም።

«ይቺ ጥይት ናት ወይስ ሰላምታ?» አሉ የፒንሳ አያት፣ የአየር ጠመንጃውን ከትከሻቸው እያወረዱ።

ፒንሳ ሳቋ መጣ፤ ግን ዋጠችው። አንዴ የያዘችውን ነገር እንደ ብረት መቆንጠጫው ፒንሳ ስለማትለቅ ስሙን ያወጡላት እሳቸው ናቸው።

ነገ በትምህርት ቤቷ የወላጆች ቀን ነው። ለክፍሏ ልጆች «ፊኛ የማፈንዳቱን ጨዋታ ለኔ ተዉት» ብላ ደረቷን ነፍታለች። ጠመንጃው ግን ከአያቷ ወጣትነት ጀምሮ የኖረ ነው፤ ሲፈታ ጥይቷን የሚያስፈነጥረው የውስጡ ሞላ ለሁለት ተሰብሮ ተገኘ። የአያቷ ጓደኛ፣ ብረት ቀራጩ ባለቶርኖ፣ ከወፍራም ሽቦ አዲስ ጠምጥመው ሠሩላቸው።

«ያ ሰውዬ ሽቦ ሰስቶብኛል» አሉ አያቷ። «ደግሞ በሞላ ማን ይችለኛል እያለ ይጎርርብኛል! ጫማዬን አምጪልኝማ፣ ሄጄ ልክ ልኩን ልንገረው።»

የፒንሳ ጆሮ ጋለ።

ትናንት ሞላውን ስትቀበል ባለቶርኖው አደራ ብለዋት ነበር። «አዲሱ ይረዝምባችኋል። አሮጌው ሲጨመቅ ኖሮ ነው ያጠረው። ተጭናችሁ አስገቡት እንጂ እንዳትቆርጡት፤ ለአያትሽ ንገሪ።» እሷ ግን አያቷን ሸለብ ባደረጋቸው ሰዓት ብቻዋን ልትገጥመው ፈለገች። ሞላው እምቢ አለ። በተጫነችው ቁጥር እየተፈናጠረ አንዴ አልጋ ሥር፣ አንዴ የልብስ ቅርጫት ውስጥ ተገኘ። በመጨረሻ የአሮጌውን ሁለት ስባሪ ገጣጥማ ከጎኑ ለካችው። በሦስት ዙር ይበልጣል። ሦስቱን ዙር በሞረድ ከርክራ ሰበረቻቸው፤ የቀረው ሰተት ብሎ ገባ። አያቷ ነቅተው «እንዴት ሆነልሽ?» ሲሏት፣ «ከሞላ ጎደል አልቋል» አለች፣ ኩራቷን መደበቅ አቅቷት።

አሁን ቁራጩ ኪሷ ውስጥ ሆኖ ጭኗን ይወጋታል።

ጫማውን አመጣች። ግራውን ብቻ።

«በአንድ እግሬ ነው እንዴ የምጣላው?» አሉ አያቷ።

በቀኙ ጫማ ፋንታ ቁራጩን መዳፋቸው ላይ አኖረችው። አያቷ ዙሮቹን በአውራ ጣታቸው ቆጠሩ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሞላ።»

«እና እዚህ ምን ይሠራል?»

«እዚያ ጎደለ» አለች፣ ድምፅዋ እየሰለለ። «እሳቸው እንዳትቆርጡት ብለውኝ ነበር። አልነገርኩህም፣ አባባ።»

የአያቷ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቃቸው ሳል እስኪሆን ሳቁ። «ለካ እውነትሽን ነው! ከሞላው ጎድሏል ብለሽ ነግረሽኝ ነበር እኮ። የሰማሁት እኔ በደንብ አይደለም።»

ጫማውን ወደዚያ ገፋ አድርገው ሮንዴላ የሚያጠራቅሙበትን ጣሳ አስመጧት። ጠፍጣፎቹን የብረት ቀለበቶች እየደራረቡ ከሞላው ኋላ ከተቱ፤ የጎደለችውን ቦታ እነሱ ሞሏት። ፒንሳ በሙሉ ክብደቷ ተጫነች፣ እሳቸው ብሎኑን አሰሩ። «ያዢ፣ ያዢ፣ እንዳትስቂ፣ ይፈናጠራል።» ይበልጥ ሳቀች።

በዚህኛው ተኩስ ፊኛው ጧ ብሎ ክሩ ብቻ ቀረ። አያቷ ራሳቸው ተኩሰው ራሳቸው ደነገጡ።

«በይ፣ የቁራጩ ነገር በኔና ባንቺ ይቅር» አሏት፣ ዓይናቸውን ሳቁ ያወጣውን እንባ እየጠረጉ። «ባለቶርኖው እንደሆነ ምንም አልሰማም።»

ፒንሳ አያቷ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጡትን ቁራጭ አየችው። አንስታ ኪሷ ከተተችው፤ ከዚያ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን አደረገች፣ ሁለቱንም።

«ወዴት ነው?»

«ቶርኖ ቤት። ሳይዘጉ ልድረስባቸው» አለች የጫማዋን ክር እያሰረች። «ነገ የመጀመሪያውን ፊኛ የሚተኩሱት እሳቸው ናቸው፣ አባባ። አንተ ሁለተኛ ነህ።»