የአዲሱ ወለል ሽታ

«መስኮቱን ማነው የከፈተው?» አሉ እትዬ ኤልፍነሽ፣ የገንፎውን ሳህን እንደያዙ።

«እኔ ነኝ» አለች ሳምሪ። «ትንሽ አየር እንዲገባ ብዬ...»

«በዚህ በረዶ? ለአራስ? ኧረ በስመ አብ!» ዘጉትና ጠርዙ ላይ ፎጣ ጠቀጠቁበት። የእናቷ አክስት ናቸው፤ እናቷን ሊያርሷት ከስካርቦሮ ሰፈር እዚህ ክሬሰንት ታውን ድረስ መጥተዋል። በእሳቸው ዘንድ ከንፋስ የባሰ ጠላት የለም።

ክፍሉ አዲስ ነው። እናቷ ሆስፒታል ሳለች አጎቷ ጋሼ ስምዖን አሮጌውን ምንጣፍ አውጥቶ አዲስ ወለል በሙጫ አነጠፈ፤ ግድግዳውንም ቀለም ቀባ። ሥራው ነው። ያየው ሁሉ መረቀው። ሽታውን ግን ማንም አላነሳም።

ሳምሪ እዚያ ገብታ ወንድሟን ባቀፈች ቁጥር ራሷን ይፈልጣታል፣ ዓይኗ ያቃጥላታል። ትምህርት ቤት ስትሄድ ይተዋታል። ሕፃኑ ግን የትም አይሄድም። ዓይኑ ቀልቷል፤ ከትናንት ጀምሮ ደግሞ ያስለዋል። «ንፋስ መትቶት ነው» አሉ እትዬ ኤልፍነሽ፣ በሩንም ጨምረው ዘጉት።

ማታ ጋሼ ስምዖን ሊጠይቅ መጣ። ሳምሪ ኮሪደሩ ላይ ያዘችው።

«ጋሼ፣ ፍሎሩን ስትሠራ መስኮቱ ክፍት ነበር?»

«እንዴታ! ያን ሙጫ በዝግ ቤት? ያዞርሻል እኮ! ማስክም አድርጌ ነው።»

«ቤቢው ከመጣ ጀምሮ ግን ዝግ ነው። እያሳለው ነው።»

የጋሼ ስምዖን ፊት ተለወጠ። «እኔ እኮ ይናፈሳል ብዬ...»

«ንገራቸዋ!»

«እትዬ ኤልፍነሽን? እኔ ስወለድ እናቴን ያረሱ ሴትዮ ናቸው! በአራስ ቤት ወንድ ምን አፍ አለው?»

ሳምሪ በጣም ተናደደች። ትልቅ ሰው ሆኖ ይፈራል! እሷም ግን ትፈራለች። በመስኮት ክርክር እትዬ ኤልፍነሽን የረታ የለም።

የራሷን ክፍል አየችው። ጠባብ ናት፣ ወለሏም ያረጀ ነው። ለብቻዋ ያገኘቻት አምና ነው፤ እስክታገኛት ስንት ጊዜ አልቅሳለች። አንሶላዋን ከአልጋው ላይ ገፈፈችና ወደ እናቷ ክፍል ተመልሳ የሕፃኑን አልጋ መግፋት ጀመረች።

«ወዴት ነው?» አሉ እትዬ ኤልፍነሽ።

«ወደ እኔ ክፍል፣ እማዬም ጭምር። እዚያ አዲስ ነገር የለም፣ አይሸትም። መስኮቱን እንዳሻዎት ይዝጉት።»

«አንቺስ?»

«ሳሎን።»

ሕፃኑ እንደገና ሳለ። እትዬ ኤልፍነሽ አዩት፤ እሷንም አዩዋት። «በይ ትራሱን አምጪው» አሉ።

ሁሉም ከወጡ በኋላ ሳምሪ ፎጣውን ነቅላ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችው። በረዶው እየበነነ ወለሉ ላይ ያርፍ ጀመር። ጋሼ ስምዖን በሩ ላይ ቆሞ ያያል።

«ሥራህ ይበላሻል» አለችው።

«ይበላሽ» አለ።

በሩን ዘጋችና ብርድ ልብሷን ይዛ ወደ ሳሎን ሄደች።