የዘጠኝ ሰዓቱ ስልክ

እኔ በሙት መንፈስ አላምንም፣ አሁንም አላምንም፣ የሚያውቁኝ ይመሰክራሉ፣ ጥላ አየሁ ብሎ የሚመጣን ሁሉ «መነጽርህን ቀይር» ብዬ እየመለስኩ ስንት ወዳጅ አጥቻለሁ። ይህን የማወራችሁም ላሳምናችሁ ብዬ አይደለም፣ ስለሆነ ብቻ ነው።

ጽሑፌን የሚያነቡ ሰዎች በጽሑፍ የምኖር ይመስላቸዋል፣ የሚያኖረኝ ግን ከአየር ጤና ወደ ቀራንዮ ሲኬድ ያለ አንድ የሳሙና ፋብሪካ ነው፣ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጬ ስክሪን አያለሁ። እዚያ ማስጠንቀቂያ ያልተገጠመለት ነገር የለም፣ ፓምፑ ሲሞቅ ይጮኻል፣ ሲቀዘቅዝ ይጮኻል፣ የመጋዘኑ በር ሲከፈት ይጮኻል፣ የሁሉም ድምፅ ደግሞ አንድ ነው። አለቆቻችን ጩኸት በበዛ ቁጥር ደኅንነት የሚበዛ ይመስላቸዋል፣ እኔ ሁሉም በሚጮህበት ቤት ማንም አይሰማም ብዬ ስንት ስብሰባ ላይ ተከራክሬያለሁ። ተከራክሬ ስመለስ ምን እንደማደርግ ልንገራችሁ? እንደ ባልደረቦቼ ሁሉ የክብሪት እንጨት ሰብሬ ዝም ማሰኛው ቁልፍ ጎን እሸጉጣለሁ፣ ቁልፉ እንደተጫነ ይቀራል፣ ጩኸቱ ይጠፋል፣ መጽሐፌን እገልጣለሁ።

ታች ቦይለር ቤት የሚሠሩት ጋሽ ደስታ ነበሩ፣ ጡረታቸው የደረሰ፣ ስኳር ያለባቸው፣ እሳት ፊት ቆመው መዝሙር የሚያንጎራጉሩ ሰው። ባለቤታቸው እትዬ አበበች ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እኔ ጋ ይደውሉ ነበር፣ ቦይለር ቤት በጩኸቱ ምክንያት ስልክ አይሰማም። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ «አንተ ልጅ፣ በላ?» ይላሉ፣ ያውም ሃምሳ ሊሞላኝ ምንም ያልቀረኝን ሰውዬ። «ቆይ ልጠይቅልዎት እትዬ» እላለሁ፣ በመስኮት ብቅ ብዬ እጄን ወደ አፌ አደርጋለሁ፣ ጋሽ ደስታ ቦይለር ቤቱ በር ላይ ቆመው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ «በልተዋል» እላለሁ፣ ይዘጋሉ። ከፋብሪካው ማስጠንቀቂያ ሁሉ ማንም ያላፈነው ይህን ብቻ ነበር።

ክረምት ላይ ነው፣ እሁድ፣ ዝናቡ አባርቶ ነፋሱ የቆሼን የቆሻሻ ክምር ሽታ ሲያመጣው መስኮቱን ዘግቼ፣ ክብሪቴን ሸጉጬ አነባለሁ። መጀመሪያ የክፍሉ ማራገቢያ ድምፅ ቀጥ አለ። ከዚያ መስታወቱን አንድ ሰው በጥፍሩ የነካው ያህል ጠቅ፣ ጠቅ አለ፣ ዞር ስል ማንም የለም፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነን እኮ። ከዚያ ስልኩ ጮኸ።

«አንተ ልጅ፣ በላ?»

«ቆይ ልጠይቅልዎት እትዬ።»

እመኑኝ፣ የመለሰው አፌ ነው፣ እኔ አይደለሁም። የስልኩን እጀታ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ መስኮቱን ከፈትኩ፣ በሩ ላይ ሰው የለም፣ ተጣራሁ፣ መልስ የለም። ደረጃውን ወርጄ አጋማሹ ላይ ስደርስ ነው ትዝ ያለኝ፣ እትዬ አበበች ከሞቱ ስድስት ወራቸው ነው፣ ሣጥናቸውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ።

ወደ ላይ መመለስ ፈራሁ፣ ስለዚህ ወረድኩ።

ጋሽ ደስታ ወንበራቸው ላይ ዘንበል ብለው ላብ አጥምቋቸዋል፣ ዓይናቸው ተከፍቶ አያይም። አጠገባቸው እሳቱ ያገሳል፣ የውሃ ማሳያው መስታወት ባዶ ነው። ውሃ ያለቀበት ቦይለር ቦምብ ማለት ነው፣ ያን ጊዜ እሳቱን በራሱ የሚያጠፋውን መሣሪያ ደግሞ የጥገና ሠራተኞች «በከንቱ እያስቆመን ነው» ብለው ሐሙስ ፈትተውታል፣ ሰኞ ሊመልሱት። ቀዩን ቁልፍ መታሁ፣ እሳቱ ጠፋ፣ ሽማግሌውን በብብታቸው ይዤ ወደ ውጭ ጎተትኩ። የበሩ ጥበቃ ጩኸቴን ሰምቶ ስኳር በውሃ በጥብጦ አመጣ፣ በትንሽ በትንሹ አጠጣናቸው።

ሲነቁ ተቆጡ።

«እሳቴን ማነው ያጠፋው?»

«እኔ። ውሃው አልቆ ነበር።»

«ማስጠንቀቂያው አልጮኸም?»

«አፍኜዋለሁ ጋሼ።»

«ታዲያ ምን አወረደህ?»

ነገርኳቸው፣ ይስቁብኛል ብዬ ነበር። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው መሬት መሬት አዩ።

«ጾም ጸሎት ይዤ ነበር» አሉ። «የስኳር መርፌዬን ተወግቼ። እሷ ብትኖር መች ታስጾመኛለች።» ከዚያ ቀና አሉ። «ምን አልካት?»

«ልጠይቅልዎት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ወረድኩ።»

«ስልኩን ሳትዘጋ?»

«ሳልዘጋ።»

«አንተ ሰው! እየጠበቀች እኮ ነው!»

ትከሻዬን ተደግፈው ደረጃውን ወጡ፣ በየመሃሉ እየቆሙ፣ «ፓስተራችን ይህን ቢሰማ ዕድሜ ልኬን ያስመክረኛል» እያሉ። እጀታውን አነሱና በእጅጌያቸው ጠረግ አደረጉት።

«በልቻለሁ» አሉ።

አዳመጡ። እኔ ከቆምኩበት የምሰማው ነገር አልነበረም። ፊታቸው ግን፣ እንዴት ልበላችሁ፣ የሙሽራ ፊት ሆነ። ከዚያ ቀስ ብሎ ጠየመ።

«እሺ» አሉ። «እሺ፣ እነግረዋለሁ።»

ዘጉት።

«ምን አሉ?»

«ምንም» አሉኝ፣ ሳያዩኝ።

ጥበቃውን ማን እንደደወለ ጠየቅኩት፣ እሁድ ከውጭ የሚመጣው የስልክ መስመር በሩ ላይ እንደሚዘጋ፣ ያን ቀንም ራሱ እንደዘጋው ነገረኝ። ቦይለሩ ተመርምሮ ተጠገነ፣ ጋሽ ደስታም ጡረታ ወጡ። በየሳምንቱ ይደውሉልኛል፣ ስለ ጤናቸው፣ ስለ ልጅ ልጆቻቸው፣ ስለ ኑሮ ውድነቱ እናወራለን፣ ልንሰነባበት ስንል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልብህን ታየህ?» ይሉኛል። «ምን ሆኜ ነው ጋሼ፣ አንድም ቀን አሞኝ አያውቅም» እላለሁ። «ብቻ ሂድና ታይ» ብለው ይዘጋሉ።

እስካሁን አልሄድኩም።