በፈንታው እግር ውስጥ ይንሾካሾክ የነበረው

በ2008 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ ፈንታው የተሰበረ እግሩን ቀዶ ሕክምና ባደረገ በሃያኛው ቀን ቆቦ ዳር ካለው ቤቱ አልጋው ላይ ሞቶ ተገኘ። ከመሞቱ በፊት ሳምንቱን ሙሉ «ቆዳዬ ሥር የሚንሾካሾክ አለ» ሲል ነበር። እግሩን የዳሰሰ ሁሉ ከጣቱ ሥር ኮሽ ሲል እየሰማ እጁን በድንጋጤ ሰብስቧል።

ጎረቤቱ ጅን ነው አለ። ታላቅ እህቱ አስረሳሽ ግን መርዝ ነው አለች፤ መርዙን ያበላውም ደጀን። ደጀን በአባት ወንድማቸው ነው። ከፈንታው ጋር በመስኖ ውሃ ተራ ተጣልቶ ከርሞ፣ እግሩ ሲሰበር ታርቆ በየቀኑ ወተት ያመጣለት ነበር። ፖሊስ ከሬሳው አጠገብ ያዘው፤ ወንድሙ ሲቀበር እሱ እስር ቤት ነበር።

ኢንስፔክተር ወሰንየለሽ ስለ ጅን ከማንም አትከራከርም፤ ክስ ስለማይመሠረትበት ብቻ ትተወዋለች። መጀመሪያ የሄደችው እግሩን ቀዶ ወደጠገነውና ሬሳውንም ወደመረመረው ወደ ዶክተር ታሂር ነው።

«የመርዝ ምልክት አላየሁም» አላት። «እግሩ መግሎ ነው የሞተው። አጥንቱን በሦስት ብሎን አስሬው ነበር። ሁለቱን ተበልተው አገኘኋቸው፤ ሦስተኛው የለም።»

«ብሎን የት ይሄዳል?»

«እንዲሟሟ የተሠራ ማግኒዥየም ነው። አጥንቱ ሲጠገን ቀስ እያለ ይጠፋል። ግን በዓመት እንጂ በሃያ ቀን አይደለም!»

«ማን ገዛው?»

«እንደተለመደው ቤተሰብ። አስረሳሽ ከአዲስ አበባ አራት አመጣች፤ የተረፈውን አንዱን መለስኩላት።» ከመሳቢያው የራሱን ናሙና አወጣ፤ አመድማ፣ የደበዘዘ ብሎን ነው።

የአስረሳሽ ቤት ድስቱ፣ ሰሃኑ፣ የበሩ ማጠፊያ ሳይቀር ያበራል። ከውሃው በርሜል አጠገብ የተጨመቀ ሎሚና በክዳን ላይ የተሰፈረ አመድ አለ። አስረሳሽ የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ አራተኛውን ብሎን አወጣች።

«የወንድሜ ናት፤ አደራ እንዳትጠፋብኝ።»

ብሎኑ እንደ አዲስ የብር ቀለበት ያበራ ነበር። ወሰንየለሽ በወረቀት ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው።

በማግስቱ ዶክተሩን፣ አስረሳሽንና እጁ በካቴና የታሰረውን ደጀንን ቢሮዋ ሰበሰበች። የዶክተሩን ናሙናና የአስረሳሽን ብሎን ጨው በተበጠበጠበት ውሃ፣ በሁለት ብርጭቆ ከተተቻቸው። አመድማው ዝም አለ። የሚያበራው ግን ደቃቅ አረፋ ያወጣ ጀመር፤ ጆሮ ለሚያስጠጋም ሹክ፣ ሹክ ይላል።

«በስመ አብ!» አለ ደጀን።

«ፈንታው የሰማው ይህን ነው» አለች ወሰንየለሽ። «ብረቱ ሲሟሟ ጋዝ ያወጣል። ቀስ ብሎ ሲሆን ሰውነት ይችለዋል፤ ሲፋጠን ግን ጋዙ ሥጋ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ብሎኑ ይላላል፣ ቁስሉ ይመግላል። አመድማውን የሚያዘገየው ላዩ ላይ ያለው ስስ ልባስ ነው። ከዚህኛው ላይ ተፈግፍጎ ተነሥቷል።»

«ማነው የፈገፈገው?» አስረሳሽ ደጀን ላይ አፈጠጠች።

«ደጀን ብሎኖቹን በዓይኑ አላያቸውም። ከአዲስ አበባ ከመጡ እስከ ቀዶ ሕክምናው ድረስ ሁለት ቀን አንቺ ዘንድ ነበሩ፤ ዕቃ የምታበሪበት ሎሚና አመድም ቤትሽ አለ።»

አስረሳሽ እጆቿን አየቻቸው።

«ዝገት መሰለኝ» አለች። «ዝገት እንዴት ወንድሜ ገላ ውስጥ ይግባ ብዬ አሸሁት። እስኪያበራ አሸሁት!»

«ሲያበሩ አይቻለሁ» አለ ዶክተሩ አንገቱን ደፍቶ። «የሌላ ፋብሪካ ሥራ መስለውኝ ቀቅዬ አስገባኋቸው። መጠየቅ ነበረብኝ።»

«መንሾካሾክ የጀመረ ዕለት ባመጣው ይድን ነበር?» አለችው አስረሳሽ።

«ይድን ነበር።»

«ደጀን ሐኪም ቤት እንውሰደው ብሎኝ ነበር። ከሱ አፍ ስለወጣ እምቢ አልኩ። እሰሩኝ!»

«የአንቺን ነገር ዐቃቤ ሕግ ያየዋል» አለች ወሰንየለሽ ካቴናውን እየከፈተች። «እኔ ዛሬ የምፈታው ሰው ነው ያለኝ።»

አስረሳሽ ቀና ብላ ደጀንን ማየት አቃታት። «ወንድምህን እንኳ አላስቀበርኩህም» አለችው።

ደጀን ካቴና ያቆሰለውን የእጁን አንጓ አሻሸ። ከዚያ ሄዶ ክንዷን ያዘ።

«ተነሽ እታለም፤ መቃብሩን አሳዪኝ።»