«ለምን?» የማይባልበት ጀልባ

ጓደኛዋ ኢናን አፍንጫውን በሁለት ጣቱ ይዞ ሲነፋ ናሽፋ አየችው። ባሕሩ ውስጥ ገና መጥለቃቸው ነው፤ በውሃው ግፊት የተደፈነው ጆሮው ግን አልከፈት ብሎታል። ትንሽ ወደ ላይ ተመለሰና ደግሞ ነፋ። ከዚያ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ጣቶቹን ገጥሞ የ«ደህና ነኝ»ን ምልክት አሳያት።

ደህና እንዳልሆነ ታውቃለች። ጠዋት ከጀልባው ኋላ ተደብቆ አፍንጫው ውስጥ መድኃኒት ሲጨምር ይዛዋለች። ጉንፋን ብቻ ነው፣ አታካብጂ ብሎ እንዳትናገር አስማላት። እሷም ዝም አለች። በአጎቷ በማኒኩ ጀልባ አንድ ሰው ከታመመ ሁሉም ወደ ቤት ነው፤ ሐኪሙ ያለው ሩቅ ደሴት ላይ ነዋ!

ወደ ቤት መመለስ ደግሞ ለናሽፋ ሞት ነበር። የመዝናኛ ጀልባዎች አሁን የሚጠልቁበት የባሕር ውስጥ ዋሻ ጣሪያ ላይ መልህቅ እየጣሉ እዚያ የበቀለውን ኮራል ፈጁት። የትምህርት ቤቷ ክበብ «እርጉዝ ሻርኮች የሚያርፉት እዚያ ነው» ብሎ ቢጮህ፣ የደሴቲቱ ምክር ቤት «ማን አየ?» አለ። መልህቅ መጣል ይከልከል አይከልከል ነገ ይወስናሉ። ፎቶውን አመጣለሁ ብላ በሰው ፊት ቃል የገባችው እሷ ናት።

አጎቷ ገመዱን እየዘረጋ ቀደመ፣ ሁለቱ ተከተሉት። የዋሻው ጣሪያ ቀይና ቢጫ ኮራል ተንዠርግጎበታል፤ ዓይነ ጎላ ዓሦች ተጠጋግተው ቆመዋል፤ አንዲት ኤሊ እንግዳ እንዳልመጣ ሁሉ ዓይኗን ጨፍና ተኝታለች። ከወደ ውስጥ፣ አሸዋው ላይ፣ ሦስት ሻርኮች ተደርድረዋል። የመካከለኛዋ ሆድ ግራና ቀኝ ተነፍቷል። ናሽፋ ካሜራዋን አነሳች። ከዚህ ግን ካሜራው ጨለማ ብቻ ነው የሚያነሳው፤ ትንሽ መጠጋት አለባት።

ዞር ስትል ኢናን ጆሮውን በመዳፉ ይዟል። እንዳየችው እጁን አወረደና ያንኑ ምልክት አሳየ።

ሻርኮቹን አየች። ኢናንን አየች። በውስጧ ረገመችው፣ ከዚያም አውራ ጣቷን ወደ ላይ ቀሰረች፦ እንውጣ።

ጀልባው ላይ ማንም አልጠየቃት። የማኒኩ ሕግ ነው፤ «እንውጣ» ያለ ሰው «ለምን?» አይባልም። አጎቷ ፈርታ መስሎት ትከሻዋን መታ መታ አደረገና ሌላ የአየር ሲሊንደር ይገጥም ጀመር። ትንሽ እንረፍና ደግመን እንገባለን፣ ሻርኮቹ የትም አይሄዱም አላት።

ኢናን ጠጋ ብሎ አንሾካሾከ። «አተረፍሽኝ። አሁን ተሽሎኛል፣ ሙች።»

«አፍንጫህ ላይ ደም አለ።»

በእጅጌው ጠረገው።

«ሁለታችሁም ደህና?» አለ አጎቷ።

«ደህና» አለ ኢናን ፈጥኖ።

ናሽፋ የኢናንን የመጥለቂያ መነጽር ከቅርጫቱ አወጣች፣ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው፣ እግሯን ጫነችበት።

«እግርሽን አንሺ እንጂ» አለ ኢናን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ፎቶውስ? ነገ ምን ልትያቸው ነው?»

እግሯን አላነሳችም። አጎቷ የሲሊንደር መግጠሚያውን ቁልፍ እንደያዘ አንዴ እሷን፣ አንዴ ኢናንን አየ፤ አሁንም ግን «ለምን?» አላለም። ጠበቀ። ኢናን አንገቱን ደፋ። «ጋሼ ማኒኩ» አለ፣ «ጆሮዬን አሞኛል። ከጠዋት ጀምሮ።»

ማኒኩ ቁልፉን አስቀመጠና መልህቁን ሊስብ ሄደ። ቁጣው ቤት ሲደርሱ እንደሚመጣ ሁለቱም ያውቃሉ።

ናሽፋ ካሜራውን ፎጣ ውስጥ ጠቀለለችው። አንድም ፎቶ የለውም። ዋሻው ያለበት ሰማያዊ ውሃ ከኋላቸው ሲርቅ ወደ አጎቷ ዞረች።

«አጎቴ» አለች፣ «ነገ ምክር ቤቱ የሚከፈተው ስንት ሰዓት ነው?»

«ምን ይዘሽ ልትገቢ? ፎቶ የለሽ።»

«ማን አየ አይደል ያሉት?» አለች ናሽፋ። «እኔ አይቻለሁ።»