በዳማ ሰኮና ሥር የተገኘው ደም

ስንቅነሽ ስትደርስ ሬሳው ተነስቷል። የቀረው ጭዱ ላይ የደረቀው ደምና ጥፋተኛ የተባለው ፈረስ ነበር።

«ትናንት በጁምዓ ሶላት ሰዓት ነው የሆነው» አለቻት ሂዳያ፣ ገና ከመኪናው ሳትወርድ። «እኔ እህቴ ቤት ነበርኩ። ስመለስ አሰልጣኛችን ወንዶሰን በፈረሱ በዳማ ጋጣ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቷል። ማጅራቱ ላይ ተፈርክሷል። ሹርጣዎቹ፣ ፖሊሶቹ፣ ፈረሱ ረግጦ ገደለው አሉ። የእንስሳት ሐኪሙ ዛሬ ከዙህር ሶላት በኋላ ፈረሱን በመርፌ ሊገድለው ነው። ወላሂ ዳማ ሰው አይገድልም! አድኚልኝ!»

ሂዳያ ከዑረይጃ ሰፈር ወዲያ፣ ቴምር እርሻዎቹ መሃል፣ የተጣሉ ሰጋር ፈረሶችን የምታስጠጋ ባሏ የሞተባት የሪያድ ሴት ናት። ሰጋር ፈረስ የአንድ ጎን እግሮቹን አብሮ እያነሳ ስለሚሄድ፣ ላዩ ተቀምጠው ሻይ ቢጠጡ ጠብታ አይፈስም። እንዲህ ያለ ፈረስ የታደለ መሆን ነበረበት። የትርኢት ነጋዴዎች ግን እግሩን ይበልጥ ከፍ እንዲያደርግ ብለው የፊት እግሮቹን ቆዳ በኬሚካል ያቃጥሉታል፤ ሰኮናው ላይም ከባድ የብረት ናል ይቸነክሩበታል። መሬት በነካ ቁጥር ስለሚያመው ያነሳዋል፣ ተመልካቹም ያጨበጭባል። ያነከሰ ዕለት አውጥተው ይጥሉታል። ሂዳያ እነዚህን እየሰበሰበች ብረቱን ታስወልቃለች፣ ታስታምማለች፣ ያለ ሕመም መራመድን እንደገና ታስለምድና ለደግ ሰው ትሰጣለች። ዳማ ግን ያለ ማደንዘዣ እግሩን ማንንም ስለማያስነካ የሚወስደው ሰው አልተገኘም።

ስንቅነሽ አገር ቤት ወንጀል መርማሪ ነበረች። እዚህ ሪያድ፣ ዑለያ ሰፈር አንድ የጠበቃ ቢሮ ውስጥ አስተርጓሚ ናት፤ ሐበሻ በሞተ ቁጥር ግን የሚጮኸው የእሷ ስልክ ነው። ሰው ሲያወራ ከአፉ ይልቅ እጁን የምታይ፣ በቀላሉ የማትስቅ ሴት ናት።

ጋጣው በር ላይ የፖሊስ መኮንኑ ጀብሪል ሰዓቱን እያየ ቆሟል። አይ እንግዲህ፣ አፍ የለው፣ ጠበቃ የለው፤ ከፈረስ የተሻለ ጥፋተኛ ከየት ይገኛል?

«ነገሩ ግልጽ ነው» አላትና በስልኩ ፎቶ አሳያት። «ይሄ ቁስሉ፣ ግማሽ ጨረቃ ይመስላል። ይሄ ደግሞ የፈረሱ የኋላ ቀኝ ሰኮና። ትናንት ሐኪሙ አደንዝዞ አነሳልን። ከሥሩ ደም አለበት። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ከሰኮናው በላይ ጸጉሩ ላይስ?»

«ንጹህ ነው። ምነው?»

ስንቅነሽ ወደ ጋጣው ዞረች። ዳማን ታየው ጀመር። የፊት እግሮቹን ወደፊት ዘርግቶ፣ ክብደቱን ሁሉ ወደ ኋላ ጥሎ ቆሟል። የፊት እግሮቹ ላይ ነጭ ፋሻ ተጠምጥሟል። ጠጋ ስትል ጆሮውን ወደ ኋላ አጥፎ ጥርሱን አወጣባት፤ እሷም ቶሎ ተመለሰች። ያን ያህል ቆማ ግን አንድ ሽታ ደርሷታል፤ የጥቁር አዝሙድ።

ከዚያ ዕቃ ቤት ገባች። ሂዳያ፣ ጎብኚ እንዲያይላት ብላ ከዳማ እግር የተነቀሉትን አራት ናሎች ግድግዳ ላይ ሰቅላቸዋለች። ስንቅነሽ በጣቷ አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው። ሦስቱ አቧራ ጠጥተዋል። አንዱ ታጥቧል።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ረድዋንን ነው። የፈረስ ማመላለሻውን መኪና የሚነዳ፣ ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ያለቀበት የወሎ ልጅ ነው።

«ትናንት የት ነበርክ ወንድሜ?»

«መስጊድ።»

«እስከ መጨረሻው?»

ረድዋን ከንፈሩን ላሰ። «ዘግይቼ ነው የገባሁት እትዬ። በር ላይ አንድ የፈረስ ደላላ ይዞኝ ነበር። ወንዶሰን ‹ማክሰኞ አንድ ፈረስ ትወስዳለህ፣ ለማዳም እንዳትነግር› ብሎኝ ነበር። እምቢ ብል ለከፊሌ፣ ላስመጣኝ ሰው፣ ደውሎ ያስይዘኛል። ምን ላድርግ?»

«የትኛውን ፈረስ?»

«ደላላው የሚፈልገውስ ዳማን ነው፤ ለትርኢት። ግን ዳማ አንካሳ አይደል እንዴ? ከወንዶሰን ጋር ‹እስከዚያ ካልዳነ አይሆንም› ተባብለው ነበር።»

ቀጥሎ የወጥ ቤት ሠራተኛዋ ፈሪዳ መጣች፤ ዓይኗ አብጧል።

«ስለ እሱ ነው የምታለቅሺው እህቴ?»

«ለእሱ? አላህ ይማረውና ለእሱስ አላለቅስም!» አለች ፈሪዳ። «ማርና የጥቁር አዝሙድ ዘይት ከወጥ ቤት ይጠፋብኝ ነበር። ወንዶሰን ‹ሰርቀሽ ትሸጫለሽ፣ ተርሂል እስር ቤት ነው የማስገባሽ› ብሎ ይጮህብኝ ነበር። አሁን እኔን ይጠረጥሩኛል ብዬ ነው።»

«ትናንት የት ነበርሽ?»

«ምድጃዬ ሥር። ማን ያየኛል? ብቻዬን ነኝ።»

በመጨረሻ ባንቴ መጣ። ጸጉሩ የሸበተ፣ ከእንጅባራ በኩል የመጣ የፈረስ አስታማሚ ነው። እጁን ወደ ኋላው አጣምሮ ቆመ።

«ጋሽ ባንቴ፣ ትናንትስ እርስዎ?»

«ክፍሌ ተኝቼ። በቀትር ሁላችንም እንተኛለን፣ ሐሩሩ አያሠራም።»

«የዳማን ቁስል የሚያጥበው ማን ነው?»

«ማን ይነካዋል ልጄ? መድኃኒቱን ከሩቅ በቧንቧ እንረጭለታለን።»

«ፋሻውንስ?»

«ሐኪሙ ነው። ባለፈው ወር፣ አደንዝዞት።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች ስንቅነሽ። ባንቴ ሲወጣ ወደ ጋጣው በኩል አልዞረም፤ መንገዱ ግን በዚያው ነበር።

ሐኪሙ ሳጥኑን አንጠልጥሎ ሲደርስ ስንቅነሽ ሁሉንም ጋጣው በር ላይ ሰበሰበቻቸው። አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በዓረብኛ ትናገር ጀመር።

«ፈረሱ ንጹህ ነው» አለች።

ጀብሪል ሳቀ። «እሱ ራሱ ነገረሽ?»

«አቋቋሙ ነግሮኛል። እየው እስቲ። የፊት እግሮቹ ስለሚያሙት ክብደቱን ወደ ኋላ ጥሏል። ፈረስ በኋላ እግሩ ለመርገጥ ደግሞ መላ ሰውነቱን በፊት እግሮቹ ላይ መጣል አለበት። ሐኪም፣ ተሳሳትኩ?»

ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ የፈረሱን እግሮች አየና «አልተሳሳትሽም። የሰው አጥንት የሚሰብር እርግጫ ከእሱ አይወጣም» አለ።

«ደሙስ?» አለ ጀብሪል።

«ጭንቅላት የፈረከሰ እግር ጸጉሩ ላይም ደም ይረጭበታል። የዳማ ግን ከላይ ንጹህ ነው፣ ከሥሩ ብቻ ነው ደም ያለበት። ሰው ነው የቀባው። ወንዶሰን የተመታበት ብረት ዕቃ ቤት ውስጥ አለ፤ ከአራቱ ናሎች አንዱ ታጥቦ ተሰቅሏል። ግማሽ ጨረቃ የመሰለው ቁስል የእሱ ነው።»

ሂዳያ አፏን በሻርፗ ሸፈነች። ስንቅነሽ ቀጠለች።

«ከሥር ለመቀባት እግሩን ማንሳት ያስፈልጋል። ያለ መርፌ እግሩን የሚነካው የለም ትላላችሁ። ታዲያ ያ ነጭ ፋሻ የአንድ ወር ፋሻ ነው? ጥቁር አዝሙድስ ለምን ይሸታል? ፈሪዳ ማርና ዘይት እየጠፋ ነው አለችኝ። ከመካከላችሁ አንዱ ዳማን በድብቅ ሲያስታምም ኖሯል። ማን እንደሆነ ፈረሱ ይንገረን። ያላ፣ ተራ በተራ ግቡና እግሩን እንዲሰጣችሁ ጠይቁት።»

ረድዋን ገባ። እጁን ገና ሲዘረጋ ዳማ ጥርሱን አፋጨበት፤ ወደ ኋላ ዘሎ ወጣ። ፈሪዳ «ቢስሚላህ» ብላ ሁለት እርምጃ ሄደች፤ ፈረሱ እየተንቀጠቀጠ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። እሷም እያለቀሰች ተመለሰች።

«ጋሽ ባንቴ» አለች ስንቅነሽ።

«እኔንም አያስጠጋኝም። ለምን ታስነክሱኛላችሁ?»

«ይግቡ እንጂ።»

ባንቴ እጁን እንዳጣመረ ገባ። በሩ አጠገብ ቆመ፤ ፈረሱን አላየውም፤ አልጠራውም። ዳማ ግን አንገቱን ቀና አደረገ። ጆሮው ወደፊት ተመለሰ። ከዚያም ማንም ሳይጠይቀው፣ የታመመ የፊት ቀኝ እግሩን አነሳና አየር ላይ ይዞ ጠበቀው።

ፈረሱ እግሩን እንዳንጠለጠለ ነው።

«አስቀምጠው» አለ ባንቴ። «አስቀምጠው አንተ ልጅ፣ ተው!» ጭዱ ላይ ቁጭ አለ።

«ይንገሩን» አለች ስንቅነሽ።

«በቀትር ሰው ሲተኛ ነው የማጥብለት። ወራት ፈጅቶብኛል። መጀመሪያ ዝም ብዬ አጠገቡ እቀመጣለሁ፤ ከዚያ እጄን ለመደ። ቁስሉ መጠገግ ሲጀምር ለማንም አልተነፈስኩም። ዳነ ከተባለ የትርኢት ነጋዴ ይወስደዋል ብዬ። ትናንት ወንዶሰን ድንገት ገባና እግሩን ይዤ አየኝ። ‹ድኗል እኮ!› ብሎ ሳቀ። ናሉን አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠና ‹ያዝልኝ፣ ሰኮናውን ልለካ› አለኝ። እኔ ይዤለት እሱ ሊቸነክርበት! ጎንበስ ሲል ብረቱ እጄ ላይ ነበር።»

ስንቅነሽ ስትተረጉም ሂዳያ አላስጨረሰቻትም። «ታዲያ ደሙን ለምን ዳማ ላይ ቀባህ? ለእሱ ብለህ ገድለህ ለምን እሱን አስገደልከው?»

«አንገቴ እንዳይቀላ ፈራሁ ማዳም። ልጆቼን አሰብኩ። እሱ… እሱ ፈረስ ነው አልኩ። ‹እግርህን ስጠኝ› አልኩት። ሰጠኝ።»

ጀብሪል ካቴናውን አወጣ። አሁን አይስቅም።

ስንቅነሽ ወደ ሐኪሙ ዞረች። «መርፌው ቀረ አይደል? ንጹህ ነው።»

ሐኪሙ ሳጥኑን አልዘጋም። «ንጹህነቱን አምኛለሁ እህቴ። ግን ቁስሉ ገና አልደረቀም። እስካሁን ያቆየው የባንቴ እጥበት ነው፤ በየቀኑ ካልታጠበ ይመረቅዛል። በየቀኑ ባደነዝዘው ልቡ አይችልም። የሚያስነካውን አንድ ሰው ደግሞ ልትወስዱት ነው።»

«ያስተምሩን ጋሽ ባንቴ!» አለች ፈሪዳ። ወጥ ቤት ሮጣ ማሩን አመጣች፤ ባንቴም አጠገቧ ቆሞ «ቀስ፣ በትከሻሽ ቅረቢው» አላት። ጣቷ ፋሻውን ገና ሲነካ ዳማ ራሱን ከግድግዳው ጋር አላተመ፤ ከፋሻው ሥር ደም ወረደ። ደግማ ሞከረች። ሦስተኛው ሙከራ ላይ ሐኪሙ እጇን ያዛት።

«ጋሽ ባንቴ እዚሁ እየተጠበቁ ትንሽ ጊዜ ቢቆዩስ?» አለች ስንቅነሽ፤ መልሱን ግን ታውቀዋለች።

«ነፍስ የገደለ ሰው ነው» አለ ጀብሪል፣ መሬት መሬቱን እያየ።

ሂዳያ ወደ ፈረሱ ዞረች። «ኸላስ፣ በቃ» አለች በመጨረሻ። «እየበሰበሰ እንዲሞት አልፈልግም።» ስንቅነሽ ፈረሱን ልታድን መጥታ፣ እግሩን የሚሰጠውን ብቸኛ ሰው ነጠቀችው። እሷም አወቀችው። ዝም ብትልም ግን መርፌው አይቀርም ነበር፤ ይሄ ደግሞ የባሰ አቃጠላት።

«እግሩን ልያዝለት» አለ ባንቴ። «ብቻውን ይፈራል።»

ጀብሪል አንድ እጁን ፈታለት። ባንቴ ጎንበስ አለ፤ ዳማ እግሩን አነሳለትና እንደ ልማዱ ክብደቱን ትከሻው ላይ ጣለ። ሐኪሙ አንገቱ ላይ ሲወጋው አልተወራጨም። ባንቴ በአገውኛ ቀስ እያለ ያወራው ነበር።

«ምን እያለው ነው?» አለ ጀብሪል።

«አላውቅም» አለች አስተርጓሚዋ። «የማላውቀው ቋንቋ ነው።»

ፈረሱ በጉልበቱ ሲንበረከክ ባንቴም አብሮት ወረደ። እግሩን ግን አልለቀቀም።