የስምንት ሰዓት አማካይ

የአየር ለኪው ሬሳ የተገኘው እሁድ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ በጫማ ፋብሪካው የሙጫ ክፍል፣ ክዳኑ ከተከፈተ በርሜል አጠገብ፣ በግንባሩ ተደፍቶ። ከኮሌታው የተሰካ ቀጭን ቱቦ ወገቡ ላይ ወደታሰረች ትንሽ መሣሪያ ይወርዳል። ሰውየው የሚተነፍሰውን አየር የምትለካው እሷ ነበረች።

መርማሪዋ ስትደርስ ማራገቢያው እየሠራ ነው፤ አየሩ ንጹሕ ነው። ተንበርክካ መሣሪያዋን አየቻት። ጠፍታለች።

«ማን ነካት?»

«ማንም» አለ የፈረቃ አለቃው። «ከሥራ አስኪያጁ ጋር መለዋወጫ ልንገዛ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ገበያ ነበርን። ስንመለስ አየነውና በሩ ላይ ደርቀን ቀረን።»

ሟቹ በማግሥቱ ኮሚቴ ፊት ሊቀርብ ነበር፤ ሠራተኛ ሳይጎዳ ሊተነፍሰው የሚችለውን የኬሚካል ትነት መጠን የሚወስን ኮሚቴ ነው። የሙጫው ትነት ገደብ ከመቶ ወደ ሃያ አምስት እንዲወርድ ሊጠይቅ ነበር።

«ሃያ አምስት ከሆነ ግማሹን ማሽን መቀየሬ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ተጨቃጭቀናል፣ አልዋሽም። ጠዋትም እዚሁ ግቢ ነበርኩ። ግን በጭቅጭቅ ሰው ይገደላል እንዴ?»

የፋብሪካው ሐኪም የኮሚቴውም አባል ነው፤ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት መቶን ያስወሰነው የእሱ ጥናት ነበር። መሣሪያዋን አብርቶ ቁጥሯን አሳያት።

«አማካዩ ዘጠና ስድስት ነው፤ ከገደቡ በታች። ትነት አልገደለውም። ልቡ ደካማ እንደነበር ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ!»

«የስንት ሰዓት አማካይ ነው?»

«የስምንት። ገደቡ የሚለካው በአንድ የሥራ ቀን አማካይ እኮ ነው።»

መርማሪዋ መሣሪያዋንና የሟቹን ቦርሳ ይዛ ወጣች።

በማግሥቱ ጠዋት ሦስቱንም ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሰበሰበቻቸው።

«ስክሪኗ የምታሳየው አማካዩን ብቻ ነው። ውስጧ ግን እያንዳንዱ ደቂቃ ተመዝግቧል። እሁድ ሁለት ሰዓት ላይ ተከፈተች። ከሦስት ሰዓት እስከ ሦስት ከሩብ ትነቱ ከገደቡ ሠላሳ እጥፍ ደርሷል። ከዚያ ወደ ዜሮ ወረደ። የማራገቢያው ማብሪያም የበሩ መቀርቀሪያም በውጭ በኩል ናቸው። አንድ ሰው ዘግቶ አጠፋ፤ ሲያበቃ መልሶ አበራ።»

«ጠዋት ሦስታችንም ግቢ ውስጥ ነበርን» አለ ሐኪሙ።

«ስለ ጠዋቱ አልጠየቅኩም። መሣሪያዋ የጠፋችው ልክ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ከሞተ ሰባት ሰዓት የሆነው ሰው ማጥፊያ አይጫንም። እነዚህ ሁለቱ ያኔ ገበያ ነበሩ፤ ባለሱቁን አነጋግሬዋለሁ።» ወደ ሐኪሙ ዞረች። «ሌላ ገዳይ ቢሆን መንጭቆ ይጥላት ነበር። እርስዎ ግን የአሥራ አምስት ደቂቃው መርዝ በስምንት ሰዓት ንጹሕ አየር እንዲቀጥን ተዉአት። ጊዜው ሲሞላ እንደ ደንቡ አጠፏት። የለመደ እጅ ነው።»

«ለምን ብዬ?»

ከሟቹ ቦርሳ ያገኘችውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «ጥናትዎ ሠላሳ ሠራተኞች መረመርኩ፣ የታመመ የለም ይላል። የመረመሩት አርባ አንድ ነው። እጃቸው የሚንቀጠቀጠውን፣ ነገር የሚጠፋባቸውን አሥራ አንዱን ሰርዘዋቸዋል። ሟቹ ደርሶበት ነበር።»

ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ። «ራስህ ተናገር ብሎ አንድ ቀን ሰጠኝ» አለ፣ ድምፁ ሳይሰማ ሊቀር ምንም አልቀረው።

የፈረቃ አለቃው ቀስ ብሎ ተነሣ። «እህቴ ሙጫ ክፍል ስምንት ዓመት ሠርታለች። ዛሬ ብርጭቆ አትይዝም። ጭንቀት ነው ብለው የመለሷት እርስዎ ነዎት። እሷም አለችበት?»

ዝም።

«አለችበት ወይ? አንተን እኮ ነው!»

«አለችበት።»

ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው የሟቹን ወረቀት አይቶ ገደቡን ሃያ አምስት አደረገው። የፈረቃ አለቃው ወሬውን የሰማው ዘግይቶ ነው፤ እህቱን ደግፎ ሌላ ሐኪም ዘንድ ወረፋ ይጠብቅ ነበር።