ሰባት ቁጥር ቤት ያለው መቀነት

በጥር አጋማሽ አዳማ ውስጥ ያሉ አሥራ አንድ ሠዓሊዎችና የእጅ ሥራ ባለሙያዎች ተማከሩና ቅዳሜና እሑድ የሥራ ቤታቸውን በር ለማንም ክፍት ሊያደርጉ ተስማሙ። የየቤቱን ቁጥርና ሰፈር የያዘች አንዲት ወረቀት ታተመች። ሰው ወረቀቷን ይዞ፣ ባጃጅ ተኮናትሮ፣ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እየዞረ ያያል፤ የገረመውን ይጠይቃል፤ ልቡ የፈቀደውን ይገዛል።

ሰባት ቁጥር ቤት የዙለይካ ነበር።

ዙለይካ የምትሥለው በቀለም ሳይሆን በጨርቅ ነው። ያረጀ ነጠላ፣ የተቀዳደደ ሽርጥ፣ የስኳር ጆንያ፣ የሙሽራ ቬሎ ቁራጭ ሳይቀር ትለቅማለች። አጥባ፣ ተኩሳ፣ ቆርጣ በመርፌ ስታገጣጥመው ግድግዳ የሚሞላ ሥራ ይወጣዋል። የሰፈሩ ሰው «የቡትቶ ሠዓሊዋ» ይላታል። መጀመሪያ ትናደድ ነበር፤ ሁለት ሥራዎቿን አንድ ሆቴል ገዝቶ እንግዳ መቀበያው ላይ ከሰቀላቸው ወዲህ ግን ስሙን ራሷ እየጠራች መሳቅ ጀመረች። ኩራት አላት እንግዲህ። ለዚህ ሁሉ ጣጣ የዳረጋትም ይኸው ኩራቷ ነው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ጓደኛዋ ፈውዚያ በሩ ላይ ቆማ ሰው ታስገባለች። የሁሉም ዓይን የሚያርፈው ከፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ትልቅ ሥራ ላይ ነበር። በመሃሉ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ቀይና ጥቁር ጥለት ያለው መቀነት ለሁለት ተቆርጦ ጎን ለጎን ይወርዳል።

«ይሄ መሃሉ ላይ ያለው እንዴት ያምራል!» አሉ መነጽር ያደረጉ አንዲት ሴትዮ። «ከየት አገኘሽው?»

ዙለይካ ዓይኗን ከሥራው ላይ አነሣች።

«ከወለንጪቲ ገበያ ነው፤ ከልባሽ ክምር ውስጥ» አለች። «የማን እንደነበረ ማን ያውቃል?»

አፏን ሳትዘጋ በሩ ላይ አንድ ሰው «አሰላሙ ዓለይኩም» አለ።

ድምፁን ከሰማችው ዘጠኝ ወር አልፏል። ዞር ብላ ለማየት ፈራች። መቀነቱ የማን እንደነበረ የሚያውቀው ሰው ቆሞ ሰምቷታል፣ ወይም አልሰማትም። የትኛው እንደሆነ ማወቅ አልቻለችም።

ኡበይደላ ነበር።

ኡበይደላ የኢተያ ልጅ ነው። የመቂን ሽንኩርትና ቲማቲም በአይሱዙ እየጫነ ወደ አዳማ ያመላልሳል። ባለፈው ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደዚህ ቤት ሲመጣ የእናቱን መቀነት በንጹሕ ፌስታል ጠቅልሎ ይዞ ነበር። መሃሉን ብል በልቶታል። አንዱ ጫፉ ላይ የለውዝ ፍሬ የምታህል ቋጠሮ አለች።

«እዚህ ውስጥ ምን አለ?» ብላ ጠይቃው ነበር።

«ምንም። እናቴ እንዳትረሳው የምትፈልገው ነገር ሲኖር መቀነቷ ጫፍ ላይ ትቋጥር ነበር። ሲሳካላት ትፈታዋለች። ይህን የቋጠረችው ሐኪም ቤት የገባች ቀን ነው። ምን እንደነበረ ሳትነግረን ሞተች።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ብሉ የበላውን ብቻ ስፊልኝ። ቋጠሮውን ግን አደራ፣ እንዳትነኪው። እሷ በእጇ አስራ የተወችው ነገር ሌላ የለኝም» አላት።

ሥራው ያለቀው በአንድ ሳምንት ነው። ኡበይደላ ሲመጣ ግን ዙለይካ «ገና ነው» አለችው። በሚቀጥለውም ሳምንት «ገና ነው» አለች። እሱም መኪናውን ባራገፈ ቁጥር ብቅ እያለ፣ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ሻዩን እየጠጣ መርፌዋን ሲያይ ይውላል። የሚያወሩት ስለ መንገዱና ስለ ጨርቁ ነው፤ ዝም የሚሉት ግን ከሚያወሩት ይበልጣል። አራት ወር እንዲህ አለፈ።

አንድ ቀን፣ «ዙለይካ» አላት፣ «መቀነቷ ካለቀች ቆይታለች አይደል?»

«ካወቅህ ለምን ትመላለሳለህ?»

«አልቋል፣ ውሰድ እንዳትይኝ እየፈራሁ ነዋ።»

ሳቀች። እሱም ሲስቅ ዓይኑን አየችውና መርፌው ጣቷን ወጋት። ያን ዕለት፣ «ከኢድ በኋላ ባለው እሑድ አባቴንና ሽማግሌዎቹን ይዤ እመጣለሁ። መቀነቷ እስከዚያ አንቺ ጋ ትቆይ» ብሏት ሄደ።

እሑዱ ደረሰ። የዙለይካ እናት እትዬ ሻሼ በግ አሳርደው፣ አጎቶቿን ጠርተው፣ ከጎረቤት ወንበር ተውሰው ከጠዋት ጀምሮ ደጃቸውን ሲያዩ ዋሉ። የዙሁር ሶላት አለፈ፤ የዓስርም አለፈ። የኡበይደላ ስልክ አይነሣም። ጎረቤቶች መጀመሪያ «መንገድ ይሆናል» አሉ፤ ሲመሽ ወንበራቸውን እያነሡ ሄዱ።

በማግሥቱ ጠዋት ዙለይካ ቁጥሩን ብሎክ አደረገች። ከዚያ መቀነቱን ከሳጥን አወጣችና እንደማንኛውም አሮጌ ጨርቅ ቋጠሮውን ፈታችው። ኡበይደላ እውነቱን ነበር፤ ውስጡ ምንም አልነበረም። አጠበችው፤ ተኮሰችው፤ በመቀስ ለሁለት ቆረጠችው። የመቀሱ ድምፅ ገና ጆሮዋ ላይ ሳለ ጸጸታት፤ ግን ተቆርጧል።

ሌላም አለ፤ ከዚህ የባሰ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንዲት የሽንኩርት ነጋዴ ወሬውን ነገረቻት። ያን እሑድ ንጋት ላይ የኡበይደላ አባት አቶ ሱሌማን ወደ እነሱ ቤት ለመምጣት ልብሳቸውን እየለበሱ ሳለ ወድቀው ግማሽ ጎናቸው ሽባ ሆኗል። ልጃቸው አሰላ ሐኪም ቤት ከእግራቸው ሥር አልተነሣም። ዙለይካ ይህን ሰምታ ስልኳን አነሣች። ቁጥሩን ልትከፍት ጣቷ ደረሰ። «መቀነቷስ ደህና ናት?» ቢላትስ? አስቀመጠችው። በማግሥቱም እንዲሁ። እየቆየ ሲሄድ ኀፍረቱ እየገዘፈ፣ ስልኩ እየከበደ ሄደ። በዚህ ሁሉ መካከል ግን መቀነቱን መሃሉ ላይ የሰፋችበትን ትልቅ ሥራ ጨረሰችው። ከሠራችው ሁሉ የሚያምረውም እሱ ሆነ፤ ይህም ያሳፍራታል።

አሁን ኡበይደላ ከፊቷ ቆሟል። ከስቷል፤ ጢሙን አሳድጓል።

«በሩ ለማንም ክፍት ነው ሲሉ ሰማሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ስልኩን ስትዘጊብኝ፣ አትፈልገኝም ማለት ነው ብዬ መምጣቱን ፈርቼ ነበር። ለማንም ከሆነ ግን ለእኔም ነው አልኩ።»

«እንኳን ደህና መጣህ» አለች። ሳታስበው ወደ ኋላዋ እየሄደች ጀርባዋን መቀነቱ ላይ ለጠፈች። «አባባ እንዴት ናቸው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ በከዘራ ይንቀሳቀሳል። የእናቴን መቀነት ፈልጌ ነበር።»

እዚያው ብትነግረው ኖሮ አንድ ነገር ነበር። ግን ሰው ሞልቷል፤ መነጽር ያደረጉት ሴትዮም ገና አልሄዱም።

«ሳጥን ውስጥ ናት» አለች ዓይኗን በጨው አጥባ። «አሁን ሰው በዝቷል። ነገ ና።»

ኡበይደላ ትክ ብሎ አያት። ከትከሻዋ በላይ ወደ ግድግዳው የተመለከተ መሰላት።

«እሺ። ነገ» ብሎ ወጣ።

እንግዶቹ ሲያልቁ ዙለይካ ሥራውን ከግድግዳ አወረደችና የመቀነቱን ጫፍ መልሳ ለመቋጠር ሞከረች። አንዴ ቋጠረች፤ ፈታች፤ ደግማ ቋጠረች። ቋጠሮው ልቅም ያለ፣ የባለሙያ እጅ የሠራው ይሆናል እንጂ ያቺን የእናቱን ቋጠሮ አይመስልም። እናቷ በሩ ላይ ደርሰው ነበር።

«ያ ልጅ ነው አሉ የመጣው?» አሉ እትዬ ሻሼ። «ያዋረደን?»

«አላዋረደንም፣ እማዬ። አባቱ ያን ቀን ታመው ነው።» ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የሽንኩርት ነጋዴዋን ሳይቀር።

እትዬ ሻሼ በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

«ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው የሰማሽው?»

«አዎ።»

«እኔ ልጄን የናቁብኝ መስሎኝ ዘጠኝ ወር ሙሉ ጎረቤት ባየሁ ቁጥር አንገቴን ስደፋ፣ አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አፍሬ ነው፣ እማዬ።»

«ለራስሽ አፍረሽ እኔን አሳፈርሽኝ» አሉና ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡ። «ነገ ለዚያ ልጅ ምን እንደምትይው እሰማለሁ።»

ዙለይካ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። የቋጠረችውን እንደገና ፈትታ ሥራውን ወደ ቦታው መለሰችው።

እሑድ ከቅዳሜው ይልቅ ሰው በዛ። እትዬ ሻሼ ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። ኡበይደላ አራት ሰዓት ላይ መጣ። ባዶ እጁን ነው፤ ፊቱ ላይ ቁጣም ፈገግታም የለም። ፈውዚያ መንገድ ስታስለቅቅለት ዙለይካ ከትልቁ ሥራ ጎን ቆማ ጠበቀችው።

«ትናንት ሳጥን ውስጥ ናት ያልኩህ ውሸቴን ነው» አለች። ድምፏ ቢቀጥንም እስከ በሩ ተሰማ። «ይኸውና የእናትህ መቀነት። ከወለንጪቲ ገበያ ገዛሁት ብዬ ለሰዎችም ዋሽቻለሁ። እሑድ ስትቀርብኝ ተናድጄ፣ አደራ ያልከኝን ቋጠሮ በእጄ ፈታሁት። ከዚያ ቆረጥኩት። የአባትህን መታመም ስሰማ ልደውልልህ ይገባኝ ነበር፤ አልደወልኩም። ስንት ጊዜ ልቋጥረው ሞከርኩ፤ የእሷን አይሆንም። ልክስህ የምችለው ነገር የለም።»

አንገቷን ደፋች። አንድ ሰው ሳል ሳለ። መነጽር ያደረጉት ሴትዮ ዛሬ በመኖራቸው የተጸጸቱ መሰሉ።

ከዚያ ትንሿን መቀስ አንሥታ የመቀነቱን ስፌት መተርተር ጀመረች። «ቢያንስ ጨርቁን ውሰድ።» ክሩን ደጋግማ ትስታለች።

ኡበይደላ ቀረብ ብሎ መቀሱን ከእጇ ወሰደ።

«ትናንት በሩ ላይ ቆሜ ሰምቼሻለሁ» አለ። «ግድግዳውንም አይቼዋለሁ። ኢተያ እስክደርስ ድረስ መሪውን እንዴት እንደያዝኩ አላውቅም። አልቅሻለሁ፣ አልደብቅሽም። ዛሬም ሳጥን ውስጥ ናት ብትይኝ ኖሮ እሺ ብዬ ሁለተኛ አልመለስም ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁንም ያመኛል። ግን አባቴን ይዤ ነው የመጣሁት። ውጭ፣ መኪናው ውስጥ ነው።»

ዙለይካ ቀና ብላ አየችው፤ ወዲያው መልሳ አጎነበሰች። «ያውቃሉ?»

«አያውቅም። እሱን አንቺ ትነግሪዋለሽ።»

አይሱዙው ከአጥሩ ሥር ቆሟል። አቶ ሱሌማን ጋቢናው ውስጥ፣ አዲስ ኮፍያ አድርገው፣ ከዘራቸውን በደህናው እጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል። ዙለይካ የመኪናውን በር ከፍታ እጃቸውን ሳመች። ለመናገር ብትሞክር እንባዋ ቀደማት። ያም ሆኖ አንዱንም ሳታስቀር ነገረቻቸው፤ ቋጠሮውን እንደፈታች፣ እንደቆረጠች፣ መታመማቸውን አውቃ ሳትደውል እንደቀረች። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ሲከፍቱት ረጥቦ ነበር።

«ኢንተላ ኮ» አሏት፤ ልጄ ማለታቸው ነው። አፋቸው ስለተያዘ ቃሉ ቀስ እያለ ይወጣል። «አደራ በልተሻል። ይሄን ትንሽ ነገር ነው አልልሽም። እሷ ብትኖር ግን መጀመሪያ የምትጠይቀኝ፣ ያ ሁሉ ሰው ደጅ እያየ ሲውል ለምን አንድ መልእክተኛ እንኳ አላክህም ብላ ነው። ቤታችሁን አሳፍረን የቀረን እኛ ነን። ለእናትሽ ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት፤ ከዚያ ልጃችሁን ስጡን ልል።»

ከኋላዋ የእግር ኮቴ ሰማች። እትዬ ሻሼ ተከትለዋት ወጥተው ነበር። ሽማግሌውን አዩ፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ልጃቸው አዞሩ።

«እንግዳ መኪና ላይ ተቀምጦ ይቅርታ አይጠይቅም» አሉ። «አውርዷቸው።»

ኡበይደላ በአንድ ጎን፣ ዙለይካ በሌላው ሆነው አወረዷቸው። የሽማግሌው ክንድ ትከሻዋ ላይ ከበደ። በሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ፣ ወረቀቱን እንደያዘ፣ ቆሞ ያያል። ያን ቀን ወንበር ካዋሱት ጎረቤቶችም ሁለቱ አጥሩ ላይ ብቅ ብለዋል። ዙለይካ ደጃፉ ላይ ስትደርስ አቀርቅራ ቆመች።

«ቀና በይ» አላት ኡበይደላ በሹክሹክታ።

«አልችልም። ፊቴን የት ላድርገው?»

«እንግዲያው እንዳቀረቀርሽ ግቢ» አላት። «ብቻ ግቢ።»

እንዳቀረቀረች ገባች።